ከማሽን ክፍሉ ግድግዳ የወረደው ወረቀት

ክብርት ዲናችን ወይዘሮ መቅደስ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህን ድግስ የደገሳችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። የዓሣ ኮተሌቱ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። ይቅር በሉኝ፣ ዛሬ ትንሽ ይቀዘቅዛል።

ቅድም ወርቅአፈራሁ ተነስቶ "ጋሼ ወልደሥላሴ ተቆጥተው አያውቁም" ሲል ሰማችሁት? አይ ወርቅአፈራሁ! ባለፈው ማክሰኞ በኬብል ምክንያት የጮኽኩብህን ከመቼው ረሳኸው? ጡረተኛ ሲሸኝ ውሸት ይፈቀዳል መሰለኝ።

ስጦታችሁን ተቀብያለሁ። ለጋቢው ዶርዜ ድረስ ወጥታችኋል፤ በዚህ በአርባ ምንጭ ሙቀት መቼ እንደምለብሰው እንጃ እንጂ በጣም ያምራል። ሁለተኛው ስጦታ ግን ከበደኝ። ይህንን ወረቀት ከማሽን ክፍላችን ግድግዳ አውርዳችሁ፣ መስታወት አስገብታችሁ፣ ከሥሩ "የጋሼ ኩራት" ብላችሁ ሰጣችሁኝ።

አዲስ የመጣችሁ ነገሩን አታውቁትም። በ2004 ዓ.ም. የርቀት ተማሪዎቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ በድረ ገጽ እንዲመዘገቡ ተወሰነ። ቦታው ለአራት መቶ ሰው ብቻ ነው፤ የቀደመ ይገባል። ድረ ገጹን የያዘው ሰርቨር ያን ሁሉ ሰው ይችላል ወይ? ይህን ማረጋገጥ የእኔ ሥራ ነበር። ኤቢ የምትባል ትንሽ የኮምፒውተር መሣሪያ አለች። ስክሪኑ ላይ በሚከፈተው ጥቁር መስኮት አንድ መስመር ትጽፉላታላችሁ፤ እሷም ሁለት መቶ ሰው ባንድ ጊዜ የመጣ አስመስላ ሰርቨሩን ትጠይቀዋለች፤ ስንቱን እንዳስተናገደና ስንቱ እንደከሸፈበት ቁጥር ታወጣለች።

እኔም ጻፍኩ። አሥር ሺህ ጥያቄ ተላከ፤ የከሸፈ ዜሮ። አትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። የዚያን ጊዜው ኃላፊ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ኮራሁ፣ ምን ልደብቃችሁ።

ያኔ አብራኝ የምትሠራ ናዕማ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ታች ሲቀላ ሰፈር፣ ገበያው አጠገብ የጅምላ ሱቅ ያላቸው የሐጂ ባድሩ ልጅ። ወረቀቱን አየችና "ጋሼ፣ የፈተኑት የትኛውን ገጽ ነው?" አለችኝ።

"የፊቱን ገጽ ነዋ!"

"የፊቱ ገጽ ላይ እኮ የሐይቁ ፎቶ ብቻ ነው ያለው። ሰው የሚመጣው ሊመዘገብ ነው። ደግሞ እዚሁ ሰርቨሩ ላይ ተቀምጠው ነው የፈተኑት። ሰዉ የሚገባው ሲቀላ ካለው ኢንተርኔት ቤት፣ በዚያ ቀርፋፋ መስመር ነው።"

ምን ብዬ መለስኩላት? "አንቺ ትናንት ተመርቀሽ ዛሬ ልታስተምሪኝ ነው?" አልኳት። እንዲህ አልኳት፣ በዚሁ አፌ።

ልጅቷ አልተቀየመችም። ምዝገባው ሁለት ቀን ሲቀረው ሲቀላ ወርዳ፣ ኢንተርኔት ቤት ገብታ፣ የምዝገባውን ገጽ ራሷ ፈተነችው። ባንድ ጊዜ አርባ ሰው ብቻ አድርጋ። ከአርባው ሠላሳ አንዱ ከሸፈ። ወዲያው አቁማ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችልኝ። እኔ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

የምዝገባው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሰርቨሩ ቀጥ አለ። ከዶርዜ በመጀመሪያው መኪና የወረዱ፣ ከጫኖ እርሻቸውን ጥለው የመጡ ሰዎች ኢንተርኔት ቤት ደጃፍ ተሰልፈው ዋሉ። በማግስቱ ምዝገባው በወረቀት ይሁን ሲባል ቦታውን የከተማው ሰው ሞላው። ሌሎቹ ወደየቤታቸው ተመልሰዋል፤ ማን ይንገራቸው?

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የሰርቨሩ መዝገብ ሲታይ ከሲቀላ ባንድ ጊዜ አርባ ጥያቄ የላከ ሰው ተገኘ። ማን ናት? ናዕማ። በቃ፣ "ሰርቨሩን ያበላሸችው እሷ ናት" ተባለ። የእሷ ሙከራ ከሁለት ቀን በፊት መሆኑን፣ ሰርቨሩም ከዚያ በኋላ ደህና እንደነበር የማውቀው እኔ ነበርኩ። ማስረጃውም እኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ሰብሳቢው "አቶ ወልደሥላሴ፣ የሚሉት አለ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"የለኝም" አልኩ።

እሷ ማዶ ተቀምጣለች። አየችኝ፤ እኔ መስኮት መስኮቱን አየሁ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፣ ኮንትራቷም አልታደሰም። እኔ በዓመቱ እድገት አገኘሁ። አጨበጨባችሁልኝም።

ሰባት ዓመት ሙሉ ባጃጅ ይዤ ሲቀላ ስወርድ አሁን እሷ በምትሠራበት በአባቷ ሱቅ በኩል አላልፍም፤ በኋላ በኩል እዞራለሁ። ትናንት ግን ጨክኜ ደወልኩላት፤ በስንብቴ ላይ እንድትገኝ ለመንኳት።

"ጋሼ፣ ነገ የገበያ ቀን አይደል? ሱቁን ለማን ጥዬ ልምጣ?" አለችኝ። ስልኩን ልትዘጋው ነው ስል "ያኔ ለምን ዝም አሉ?" አለች።

ዛሬ በእናንተ ፊት ልመልስ፤ ፈርቼ ነው። የጠራ ስሜን እንዳላጣ ፈርቼ፣ የእሷን አስረከብኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ብፈልግም አላገኘሁም።

ወይዘሮ መቅደስ፣ ያኔ እርስዎ እዚህ አልነበሩም፤ አሁን ግን ማኅደሩ በእጅዎ ነው። ያ ደብዳቤ ከናዕማ ማኅደር ይውጣልኝ። የእኔ ቃል በጽሑፍ ይኸው፣ ፈርሜበታለሁ፤ በምትኩ የእኔ ማኅደር ውስጥ ይግባ። ጡረታዬን የሚነካ ከሆነም ይንካ።

ይህ ደግሞ ያ የእሷ ወረቀት ነው። ትንሽ ወይቧል እንጂ ይነበባል። ወርቅአፈራሁ፣ እባክህ ያንን ከመስታወቱ አውጣና ይህንን አግባልኝ። የቀድሞው ቦታ ላይ ስቀሉት። ከሥሩ "ናዕማ ባድሩ" ብላችሁ ጻፉ።

ልጆቼ፣ እድሜና ጤና ይስጣችሁ። ሥራችሁ ይባረክ። "ይህ ነገር አልተፈተነም" የሚላችሁ ሰው አያሳጣችሁ፤ ሲላችሁም የምትሰሙበት ጆሮ ይስጣችሁ። እኔ የተነፈግኩትን ድፍረት በየስብሰባችሁ ይስጣችሁ። ይህቺ ኮሌጅ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ይብዙባት።

አሁን አንዳችሁ ባጃጅ ጥሩልኝ። ኮተሌቱን እናንተ ብሉልኝ፤ እኔ ሱቁ ሳይዘጋ ልድረስ።