ተንበርክኮ የፈለገልን ወንድማችን

እትዬ፣ እንዴት ዋሉ? እኔ ደህና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ። ሞተሬን በር ላይ አቁሜ፣ እግረ መንገዴን ሰላም ልበልዎት ብዬ ነው የገባሁት። ዘበኛው ዛሬ ሳይቆጣኝ አሳለፈኝ፤ ምነው፣ አሞታል እንዴ? እነዚያ መስኮቶች ደግሞ ተወልውለው ነው ወይስ ፀሐይዋ ናት እንዲህ ቤቱን ያሳመረችው? ይቺ ጠረጴዛዎ ላይ ያለችው ተክልም አንሰራርታለች። ባለፈው ስመጣ ቅጠሏ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ፣ ባሏ ያኮረፋት ሙሽራ ነበር የምትመስለው። ውሃ ነው ያጣችው ወይስ የሚጠይቃት ሰው? እህቴ ብትኖር አፈሯን በጣቷ ቆንጥራ፣ አሽትታ፣ በሽታዋን ትነግርዎት ነበር። አፈር ማሽተት የጀመረችው ገና በልጅነቷ ነው። ያኔ እናታችን ትገርፋት ነበር፣ ዛሬ ለዚያው ደሞዝ ይከፍሏታል።

ድምፄን ልቀንስ?... እሺ። ቤተ መጻሕፍት መሆኑ መቼ ጠፋኝ። ትምህርቴን ቶሎ ብተወውም፣ «ጸጥታ ይከበር» የሚለውን ማንበብ እስክችል ድረስ ቆይቻለሁ። ግን ከዚህ በላይ ዝቅ ካደረግኩት፣ እዚያ ጋዜጣው ጋ የተቀመጠው ሰውዬ አይሰማውም... አይረብሸውም ማለቴ ነው። አይዙሩ፣ አይዙሩ እትዬ፤ ሰው ሲያነብ አይታይም። ከገባሁ ጀምሮ አንዲት ገጽ አልገለጠም። እንዲህ ነው እንጂ ማንበብ። እኔ ብሆን እስካሁን ሥዕሉን ሁሉ አይቼ፣ የሐዘን ማስታወቂያውንም አንብቤ፣ ጨርሼ ወጥቼ ነበር። ለማንኛውም እኔ ስለሱ አይደለም የማወራው። ስለ ሌላ ሰው ነው።

የመጣሁት ላመሰግንዎት ነው። እህቴ ተሳካላት፤ ሰምተዋል አይደል? ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለውን መሬት፣ ያንን የሕንፃ ፍርስራሽ ሲደፋበት የኖረውን፣ ለምርምሯ ሰጧት። እሷ ያለ ኬሚካል አትክልት ታበቅልበታለች፣ ያቺ የቆዳ ሐኪም ደግሞ አትክልት የሚያለሙትን ሰዎች እጅ ትከታተላለች። ኬሚካል እየረጩ እጃቸው እንደ ድንች የተላጠ ሰዎች አሉ እኮ። መርጨቱን ሲተዉ እጃቸው ይድናል ወይ? አፈሩስ ያገግማል ወይ? ምርቱስ አይቀንስም ወይ? ሁሉንም ባንድ ላይ ሊያጠኑት ነው። አፈርና ሰው ጎን ለጎን ተኝተው ሲታከሙ አይተው ያውቃሉ? እኔ አላየሁም።

ታዲያ ይሄ ሁሉ በረከት ከየት መጣ? ከጠፋ መጽሐፍ። እርስዎ ያውቁታል፣ ያ አረንጓዴው፣ ትራስ የሚያክለው፣ የሞተ አፈር እንዴት ነፍስ እንደሚዘራ የሚያወራው። አንድ ብቻ ነው ያለው፣ ከዚህ ቤትም አይወጣም፤ እዚሁ ተነቦ እዚሁ ይመለሳል። እህቴ የምርምር ሐሳቧን የምትጽፈው በሱ ነበር። መሬቱ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው፣ የሚወዳደሩት ደግሞ እሷና አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዋ ነበሩ። አንድ ቀን ስትመጣ መጽሐፉ ከቦታው የለም። በማግስቱም የለም። «ዛሬስ አልተገኘም?» እያለች ስትመላለስ፣ እርስዎም አብረዋት ሲጨነቁ ያላየሁ ይመስልዎታል? የጽሑፉ ማስገቢያ ቀን እየደረሰ ነው፣ እሷ ቤት ውስጥ ልጆቿን እንዳጣች ድመት ትንጎራደዳለች። «በቃ፣ ይቅርብኝ» ማለት ጀምራ ነበር። እሷ ይቅርብኝ ካለች ደግሞ ይቀራል፤ ቁርጥ እናታችንን ናት።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ያን ባልደረባዋን የማነሳልዎት። ምን ዓይነት ሰው መሰለዎት... ተፎካካሪዋ ነው እኮ። ሌላ ሰው ቢሆን «እሰይ፣ ወደቀችልኝ» ብሎ እጁን ያሻሽ ነበር። እሱ ግን ምን አደረገ? አብሯት ፈለገ። ተንበርክኮ። ይኸው እዚህ መደርደሪያ ሥር፣ ያንን የተተኮሰ ሱሪውን አቧራ ላይ ጥሎ። «ምናልባት ከኋላ ወድቆ ይሆናል» እያለ እጁን እስከ ትከሻው አስገባ። ያገኘው አንድ እስክሪብቶና አንድ የሞተ በረሮ ነበር መሰለኝ። እስክሪብቶውን ለርስዎ አስረከበ፤ የሰው ንብረት አይነካማ። ከዚያ ተነስቶ ጉልበቱን እያራገፈ፣ «አይዞሽ፣ ዘንድሮ ሰው ክፉ ሆኗል፤ መጽሐፍ የሚደብቅ ሰው እንቅልፍስ እንዴት ይወስደዋል?» አላት። እህቴ ዕንባዋ መጣ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ትንሽ ነበር የቀረኝ። የሌላውን ጭንቀት እንዲህ አድርጎ የሚሸከም ሰው ዛሬ የት ይገኛል?

...ፎቅ ላይ።

ፎቅ ላይ ስልዎት፣ የሕክምና መጻሕፍቱ ያሉበትን ማለቴ ነው። እኔ ለሐኪሞቹ ዕቃ ሳደርስ እወጣለሁ። ያን ሰሞን ከሰዓት ከሰዓት በወጣሁ ቁጥር ያን ወንድማችንን መስኮቱ ሥር፣ የቆዳ በሽታ መጻሕፍት ጥግ፣ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ዘርግቶ አገኘዋለሁ። የእርሻ ሰው ቆዳ መሃል ምን ይሠራል? እኔ መቼም ክፉ አላስብም፤ «ምስኪን፣ አንድ ነገር ወጥቶበት ይሆናል» ብዬ አዘንኩለት። የማያሳዩት ቦታ ላይ የወጣ፣ ሐኪም ፊት ለመግለጥ ያፈረበት። ቅባት ሁሉ ገዝቼ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ለሚያሳክክ ነገር ጥሩ ነው ይላሉ» ብዬ ሰጠሁት። አደነጋገጡን ቢያዩት። መጽሐፉን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ቅባቱን ግን ተቀበለኝ፤ የሰው ስጦታ አይንቅም፣ ያን ያህል ትሑት ነው።

የመጽሐፉን ርዕስ አላነበብኩትም። እኔ መጽሐፍን በቀለሙ ነው የማውቀው፣ እህቴ ደግሞ «የአፈሩ መጽሐፍ» ትላለች እንጂ ቀለሙን ነግራኝ አታውቅም። አረንጓዴ ነበር። የሕክምና መጽሐፍ አረንጓዴ አይሆንም የሚል ሕግ አለ እንዴ?

ከዚያማ የቆዳ ሐኪሟ መጣች። ያን ሰሞን ከአትክልት ቦታ አትክልት ቦታ እየዞረች የሰዎቹን እጅ ስታይ ነበር የከረመችው፤ መደርደሪያዋ አቧራ የጠጣውም ለዚህ ነው። አቧራውን አይቶ «እዚህማ የሚደርስ ሰው የለም» የሚል ሰው ይኖራል። ብልህነት ነው፣ አልነቅፍም። ግን አቧራ ሰው እንዳልመጣ ይናገራል እንጂ እንደማይመጣ መቼ ይናገራል? ሐኪሟ ከነጫማዋ ጭቃ ገብታ፣ ስለሚላጥ እጅ ልታነብ እጇን ስትሰድ፣ ከቆዳው መሃል አፈር አወጣች። ቆማ ጀመረችው፣ ቁጭ ብላ ቀጠለችው። ከዚያ ታቅፋው ወረደችና እርስዎን «ይሄን የሚያነበው ማነው?» ብላ ጠየቀችዎት። እርስዎስ ሌላ ማንን ይጠራሉ? «አንዲት ልጅ አለች፣ ይሄን ስትፈልግ ዓይኗ ሊጠፋ ነው» አሏት። ሁለቱ በዚያው ተገናኙ፤ እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። እኔ በዚያው ቅጽበት ዕቃ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አረንጓዴውን አየሁት። ቅባቴን አስታወስኩ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ ዘበኛውም የተቆጣኝ ያን ጊዜ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ የድሮ ሰዎች። መጽሐፍ የደበቀ ግን ሐኪም ይገኝለታል፤ ይቺን እኔ ጨመርኩባት። ጅብም የማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ ይባላል። ለካ ቁርበቱ አስቀድሞ የተነጠፈበት የቆዳ ፎቅም አለ... ጠያቂ ብቻ ነው የጠፋው።

እስቲ ያስቡት፣ መጽሐፉ ቦታው ላይ ቢሆን ኖሮ እህቴ አንብባ ትመልሰዋለች፣ ሐኪሟ አታየውም፣ ሁለቱም አይተዋወቁም። አፈሩ ለብቻው፣ እጁ ለብቻው ይቀር ነበር። ትልልቆቹ ሰዎች «የእርሻውንና የሕክምናውን ምርምር እንዴት እናገናኝ?» እያሉ በየስብሰባው ስንት ሻይ ጠጥተዋል። አንድ ወንድማችን በአንድ ከሰዓት አገናኝቶላቸው እርፍ። ያውም ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳያመሰግነው። ቀኝ እጁ የሰጠችውን ግራው አላወቀችም... ግራው መደርደሪያ ሥር ገብታ እየፈለገች ነበራ።

የሱም ጽሑፍ መጥፎ አልነበረም አሉ። እንዲያውም ዳኞቹ ተገርመዋል፤ መጽሐፉ ከጠፋ ወዲህ የጻፈው ሆኖ፣ ከመጽሐፉ ጋር እንዲህ መመሳሰሉ። አእምሮ ማለት ይሄ ነው፤ ያላዩትን ማየት። ውጤቱ ሲነገር ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው እሱ ነው። እህቴ እንደነገረችኝ ቅባት ቅባት የሚል መዳፍ ነበረው። ለካ እየተጠቀመበት ነው፣ ደስ አለኝ።

አሁን ዋናውን ልንገርዎት። መሬቱን ስትረከብ «አንድ ረዳት ተመራማሪ ምረጪ» ተባለች። ማንን የመረጠች ይመስልዎታል?... እሱን። «እኔ ስጨነቅ ከቤተሰብ ውጭ ማን ፈለገልኝ? እሱ ብቻ ነው የተንበረከከልኝ» ብላ። ዛሬ ጠዋት ስትነግረኝ ቁርሴን እየበላሁ ነበር፤ ትን አለኝ፣ ውሃ አቀበለችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ... መልሼ ዘጋሁት። ምን ልበላት? እህቴ ሰው ማመን የተማረችው በመከራ ነው። «ደግ ሰው አገኘሁ» ብላ ፊቷ ሲበራ እያየሁ እንዴት ላጥፋባት? ደግሞም ካወቀች ሥራውንም መሬቱንም ጥላ ነው የምትወጣው፤ ነግሬዎታለሁ፣ እናታችንን ናት። ያኔ ሐኪሟስ? እነዚያ እጃቸው የተላጠ ሰዎችስ?

ስለዚህ አልነገርኳትም። የኔ አፍ እንደዚያ መጽሐፍ ነው፣ ከቤት አይወጣም። ...ከቤት የማይወጣ መጽሐፍም ቦታውን ሲለቅ አይተናል እንጂ። አፌ ቦታው ላይ እንዲቆይ፣ ሌላውም ሰው ቦታው ላይ መቆየት አለበት፤ አይመስልዎትም? ሰኞ ሥራ ይጀመራል። ፍርስራሹ ይነሳል፣ ፍግ ይጋዛል፤ እህቴ ከፊት፣ ረዳቷ ከኋላ። የመጻሕፍቱንም ሥራ ለሱ ሰጥታዋለች። «የሚያስፈልገንን ሁሉ እሱ ፈልጎ ያመጣል፣ እሱ የማይገባበት ጥግ የለም» ትላለች። ልክ ናት መቼም። ፍጉን የማመላልሰው ደግሞ እኔ ነኝ፤ በየቀኑ እዚያው ነኝ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባል የለ? ወረቀቱ እዚህ ሞልቷል። ሞኙ እኔ ልሁን፣ ግድ የለም።

ውይ፣ ሥራ አስፈታሁዎት። ዕቃ የሚጠብቁኝ አሉ። ሰውዬው አሁንም እዚያው ገጽ ላይ ነው?... ላቡን እየጠረገ? ፀሐይዋ ናት፤ መስኮቱን ያን ያህል መወልወል አልነበረባችሁም። ብቻ እትዬ፣ ያን ደግ ባልደረባዋን ካገኙት፣ ከልቤ እንደመረቅኩት ይንገሩልኝ። ጉልበቱ ይባረክ። ሱሪው አቧራ አያግኘው። መቼም ሰው ነውና፣ አንድ ቀን እሱም የሚወደው ነገር ይጠፋው ይሆናል... ሥራው፣ ስሙ፣ እኔ ምን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ፈጣሪ ብቻውን አይተወው። አጠገቡ ተንበርክኮ፣ እጁን እስከ ትከሻው አስገብቶ፣ «አይዞህ ወንድሜ» እያለ የሚፈልግለት ሰው ይዘዝለት፤ ልክ እንደ ራሱ ያለ፣ በልቡም በነገሩም እሱኑ የሚመስል።