የጋሽ አደራ አንዲት አደራ

ባለ መድኃኒት ቤቱን ሽማግሌ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ አደራ» ይላቸዋል። ያለ አደራ ንግግር ስለማይዘጉ ቅጽል ስሙ አባታቸው ያወጣላቸውን ስም ውጦታል። ፋሻ ሸጠው አደራ፣ የራስ ምታት ክኒን ሸጠው አደራ ይላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይልቁንም የሰው ነገር አያስችላቸውም። ችግሩም የመጣው ከዚያው ከደግነታቸው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ድንገት ሲወርድ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ የሆነችው የጎረቤታቸው ልጅ መጽሐፏን በሹራቧ ሸፍና እየሮጠች ገባች።

«ነይ ልጄ፣ ጠጋ በዪ። ብርድ እንዳይመታሽ አደራ። ወለሉም ያንሸራትታል፣ አደራ። ምንድን ነው እንዲህ አቅፈሽ የያዝሽው?»

«ነገ የማስተምረው ትምህርት ነው ጋሼ። ‹ፖይንት አፕ› የሚባል ግሥ አለ። ጣት ወደ ላይ መቀሰር ይመስላል እንጂ፣ ትርጉሙ ከብዙ ነገር መካከል አንዱን ለይቶ አጉልቶ ማሳየት ነው። እኛ ማስረገጥ፣ ማጉላት፣ አጽንዖት መስጠት እንደምንለው።»

ጋሽ አደራ ደስ አላቸው። «እሱማ የእኔ ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳስረግጥ አይደል የምውለው?»

ይህን ሲሉ ሕፃን የታቀፈች ወጣት እናት ገባች። ለልጇ የታዘዘውን ሽሮፕ ሰጧትና ጀመሩ።

«ከመስጠትሽ በፊት ነቅንቂው፣ አደራ። ክዳኑን አጥብቀሽ ዝጊ፣ አደራ። ፀሐይ እንዳያገኘው፣ አደራ። ትኩሳቱ ቢጠፋም እስኪያልቅ ስጪው፣ አደራ። ማንኪያውን እጠቢ፣ አደራ። ዝናቡ እስኪያባራ ደጃፉ ላይ ቁሚ፣ አደራ።»

ሴትዮዋ አመስግና ደጃፉ ላይ ቆመች። አስተማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ ከነገሯት ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው?» አለች።

«እስኪያልቅ መስጠቷ ነዋ! ሲሻለው ብታቆምበት ሕመሙ ብሶ ይመለሳል።»

«እስቲ ምን እንደያዘች ይጠይቋት።»

ጠሯትና ጠየቋት። መነቅነቁን፣ ክዳኑን፣ ፀሐዩን፣ ማንኪያውን አንድ በአንድ ቆጠረችላቸው።

«ልጁ ሲሻለውስ?» አሏት።

«ሲሻለውማ የተረፈውን ለእህቱ አስቀምጥላታለሁ።»

ጋሽ አደራ ወደ አስተማሪዋ ዞሩ። «አየሽ? የዘንድሮ ሰው ጆሮ የለውም።»

«ጆሮስ አላት ጋሼ፤ ክዳኑን በደንብ ይዛለች። እርስዎ ግን ክዳኑንና የልጇን ጤና በአንድ ድምፅ ነገሯት። ሁሉም አደራ ከሆነ የትኛው እንደሚከብድ በምን ትወቅ? ማርም ሲበዛ ይመራል።»

«ታዲያ ሌላውን ልተወው? ሳልናገር ቀርቼ ቢበላሽስ? ለሰው ባስብ ነው እንጂ አፌን በልቶኝ መሰለሽ?»

«ማሰብዎንማ ማን ይክዳል? ሌላውን ቀለል አድርገው ይንገሯት። ዋናውን ግን ዓይኗን እያዩ፣ ዝግ ብለው፣ ለብቻው ይንገሯት። ከዚያ መልሳ ትንገርዎት። ማጉላት መጮህ አይደለም፤ የቀረውን ዝቅ ማድረግ ነው።»

እንዳለቻቸው አደረጉ፤ ሴትዮዋም ገብቷት ሄደች። የጋሽ አደራ ልብ ግን ገና አልተረታም። «ባዳ ነውና ሊዘነጋ ይችላል። የእኔ ባለቤት ግን አንዲት ቃሌን አትጥልም። በደም ግፊት ወድቃ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ መድኃኒትሽን ዋጪ ሳልላት የወጣሁበት ቀን የለም» አሉ።

«እንግዲያው ማታ ይጠይቋቸው» አለች አስተማሪዋ በትሕትና።

ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ይተክሉ ነበር። ጋሽ አደራ ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ «ጠዋት ምን አልኩሽ?» ብለው ጠየቁ።

ባለቤታቸው ሳቁ። «ጃንጥላ ያዢ፣ በሩን ቆልፊ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ፣ አደራ።»

«የግፊትሽስ መድኃኒት?»

«እሱንማ ደህና ስሆን ተውኩት። ራሴን አያመኝም እኮ።»

«አልነገርኩሽም?»

«ነግረኸኝ ይሆናል። አደራህን እንደ ጣራ ላይ ዝናብ ለምጄዋለሁ። ስሰማው ደስ ይለኛል እንጂ ምን እንደሚል አላዳምጠውም።»

የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል ይባላል። ለሰፈሩ ሁሉ መድኃኒት የሚያድሉት ሰው የገዛ ሚስታቸው ሳይውጡ መክረማቸውን አላወቁም። ባለቤታቸውን ወጥ ቤት ውስጥ ወድቀው ያገኙባት ያቺ ቀን ፊታቸው ላይ መጣች። ፈሩ፤ በጣም ፈሩ። ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡና መርፌ የያዘውን እጅ ያዙ።

«ስሚኝ» አሉ ዝግ ብለው። «ይሄ በሽታ ሳያም ነው የሚጥለው። ደህና ነኝ ባልሽ ቀንም መድኃኒቱን ትውጫለሽ። እኔ ያለ አንቺ መኖር አልችልበትም።»

ባለቤታቸው ባላቸው እንዲህ ዝግ ብለው ሲናገሩ ሰምተው አያውቁም ነበር።

«ምን አልኩሽ?»

«ደህና ብሆንም እውጣለሁ። ያለ እኔም መኖር አትችልበትም።» ዓይናቸውን በሸሚዙ እጅጌ ጠረጉ። «ይቺን ሁለተኛዋንስ ይህን ሁሉ ዘመን የት ደብቀሃት ነው?»

በማግስቱ ባለቤታቸው ሐኪም ዘንድ ሄደው ግፊታቸውን ተለኩ፤ መድኃኒቱም እንደገና ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ በመድኃኒት ቤቱ አንድ ደንብ ሆነ፤ ለአንድ ሰው አንድ አደራ፣ እሱንም ሰውየው መልሶ ይናገራል። ሕሙማን ዋናውን ይዘው ይሄዳሉ፤ በየሰዉ ቤት መደርደሪያ ተርፎ ይቀመጥ የነበረ ሽሮፕ በአግባቡ ያልቃል፤ የሽማግሌውም ጉሮሮ አረፈ። የሚወድ ሰው የሚናገረው አያጣም፤ ከሚናገረው መምረጥ ግን መማር አለበት።

አንድ ጠዋት ጋሽ አደራ ወደ ሥራ ሲወጡ ባለቤታቸው ደጅ ድረስ ሸኟቸው። «ዛሬ ስለ በሩ ምንም አትለኝም?»

ቃሉ አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር፤ እንደምንም ዋጡት።

«በሩ ከፈለገ ተከፍቶ ይዋል። መድኃኒትሽን ዋጥሽ?»

«ውጫለሁ» አሉ ባለቤታቸው፤ በሩንም ከኋላቸው ቆለፉት።