የታማኝ ጆንያ

የቤቴል ታክሲ ሰልፍ ያን ቀን ከወትሮው ረዝሞ የአየር ጤናን ጋራዦች አጥር ታክኮ ቆሞ ነበር። የማርና የኮረሪማ ነጋዴው አቶ መሸሻ ከሰልፉ መካከል የፓስታ ካርቶን አቅፈው ይጠባበቃሉ። በካርቶኑ ውስጥ ከቦንጋ ዘመድ የላከላቸው የሁለት ወር ቡችላ ይነጫነጫል። ለግቢያቸው በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስተኛው ነው፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሞተዋል።

«ጋሽ መሸሻ፣ ካርቶኑ ያለቅሳል እኮ» የሚል ድምፅ ከኋላቸው ሰሙ። የሟቹ ጎረቤታቸው የአቶ አየለ ልጅ ሆሳዕና ነበረች፤ የእንስሳት ሕክምና ተምራ ቤቴል በሚገኝ ክሊኒክ ትሠራለች።

«ሐኪሟ መጣሽ?» አሉ አቶ መሸሻ። «ሰው መታከሚያ አጥቶ አንቺ ውሻ ታክሚያለሽ አሉ።»

ሆሳዕና ስቃ አለፈችው፤ የፊተኞቹ እንዴት እንደ ሞቱ ግን ጠየቀች። ሁለቱም በመጡ በሳምንታቸው ውስጥ እያስታወኩና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ እያስቀመጣቸው በሦስት ቀን አለቁ አሏት።

«ነገሩ ከበሽታ አይደለም፤ የሚስቴ የዘመነች እጅ ለእንስሳ አይቀናም። ሁለቱንም በእጇ ወተት ያጠጣች እሷ ናት። ይኸን ግን በጣቷም እንዳትነካው ብያለሁ።»

አቶ መሸሻ ይህን ስለ ሚስታቸው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው አልነበረም። በእድሩም በሰፈሩም ተናግረውታል። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶች ጫጩት ሲያስፈለፍሉ ወይዘሮ ዘመነች እንዳያዩባቸው ቅርጫት ይደፉበት ጀመር። ሰው ያልመረመረውን ጥፋት በቅርብ ባገኘው ሰው ትከሻ ላይ መጫን ይቀናዋል።

«የት ነበር የሚተኙት?» አለች ሆሳዕና።

አቶ መሸሻ በኩራት ነገሯት። ታማኝ የሚባለው የቀድሞ ውሻቸው አሥራ ሁለት ዓመት በራቸውን ሲጠብቅ የተኛበት ጆንያ አለ። አዲስ ቡችላ ሲመጣ በዚያ ጆንያ ላይ ይተኛል፤ የታማኝንም ስም ይወርሳል፤ ከሽታው ድፍረቱን ይማር ዘንድ። ስለዚህ ጆንያው አይታጠብም። ዘመነች አንድ ጊዜ ልታጥበው ብትነሣ ተቆጥተው መልሰዋታል።

«ታማኝ ሲመጣ ስንት ዓመቱ ነበር?»

«ሦስት። ምን ልዩነት አለው? ውሻ ውሻ ነው። አባቴ ስምንት ውሾች ነበሩት፤ አንዱም መርፌ አያውቅም። ከመዥገር በቀር ያስቸገራቸው ነገር አልነበረም።»

«እውነትዎን ነው፤ በእናንተ አገር በቦንጋ ሙቀትና እርጥበት ስላለ ክፉው መዥገር የሚያመጣው ትኩሳት ነው። እዚህ ግን የየሰፈሩ ውሻ በአንድ ቆሻሻ መጣያ ይገናኛል፤ አንጀት የሚያቆስል በሽታ በእግርና በጫማ ከግቢ ግቢ ይዞራል። የጎለመሰ ውሻ ብዙ ጊዜ ይቋቋመዋል፤ ያልተከተበ ቡችላ ግን አይችለውም። ሲያረጅ ደግሞ ሕመሙ ሌላ ነው፤ ኩላሊቱ ይደክማል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል።»

አቶ መሸሻ ታማኝን አሰቡት። በመጨረሻው ዓመት ከበር አልነሣ ሲል ሰነፈ ብለው በዱላ ያስነሡት ነበር። ይህን ለሆሳዕና አልነገሯትም።

«የዚያ በሽታ ዘር» ብላ ቀጠለች፣ «በጨርቅና በአፈር ላይ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። የፊተኛው ከመንገድ አገኘው፤ ሁለተኛው ከጆንያው ወሰደው።»

«የትምህርት ቤት ወሬ ነው። የዘመነች ወተትስ?»

«ያጠጣቻቸው ከመታመማቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«በኋላ ነው እንጂ። ምግብ እንቢ ሲሉ በማንኪያ...» አሉና ወደ ካርቶኑ ጎንበስ አሉ።

ታክሲው መጥቶ በሩ ተከፈተ፤ አቶ መሸሻ ተራቸውን ለኋለኛው ሰው ለቀቁ።

«ታዲያ ይኸን ወዴት ልውሰደው?» አሏት።

ዛሬውኑ ክሊኒክ ሄዶ የመጀመሪያውን ክትባት ይወስዳል፤ እስከ አራተኛ ወሩ እየተደገመለት አስኮ በሚገኘው፣ ውሻ ገብቶበት በማያውቀው የእናቷ ግቢ ይቆያል፤ እስከዚያ ጆንያው ይቃጠል፣ የውሻው ቤትም በበረኪና ይታጠብ አለቻቸው። እርሳቸውም አልተከራከሩም።

ከሰዓት በኋላ ጆንያውን በግቢያቸው አቃጠሉት። ወይዘሮ ዘመነች ከማድ ቤቱ በር ቆመው ያያሉ።

«ዘመነች፣ ቡችሎቹን የገደልኋቸው እኔ ነኝ። ስምሽንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ወይዘሮ ዘመነች ዓይናቸውን ከጭሱ ወደ ባላቸው መለሱ።

«ያን ጊዜ ልጠበው ስል በረኪናውን ገዝቼው ነበር» አሉና ወደ ማድ ቤቱ ተመለሱ።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ አቶ መሸሻ ተነሥተው ጥፋታቸውን በዚያው የሚስታቸውን ስም ባጠፉበት ጉባኤ ፊት ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ቡችላ ሲያመጣ መጀመሪያ ያስከትባል፤ የሞተ እንስሳ መኝታ ለሕያው አያወርስም፤ ያረጀ ውሻ ሲያነክስም በዱላ ፈንታ ሐኪም ይፈልግለታል። በዚያ ዓመት በመንደሩ በዚያ በሽታ የሞተ ቡችላ አልተሰማም። ቅርጫት የሚደፋም የለም።

ሦስተኛው ቡችላ አድጎ ዛሬ በሩን ይጠብቃል። የታማኝን ስም አልሰጡትም። ወይዘሮ ዘመነች ምግቡን በሰዓቱ ያቀርቡለታል፤ ሊልሳቸው ሲጠጋ ግን እጃቸውን ፈጥነው ከነጠላቸው ሥር ይሰበስባሉ። አቶ መሸሻ ይህን በየቀኑ ከበረንዳቸው ያያሉ፤ ለዚህኛው ቁስል የሚሆን ክትባት ሆሳዕናም አልነገረቻቸውም።