«ተልኳል» ያለው ታብሌት

ከወረዳው ከተማ በራቀ አንድ ጤና ኬላ፣ ከቀትር በፊት፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደብሪቱ እና የታብሌት ፕሮጀክቱ አስተባባሪ አቶ ምንይችል።

ደብሪቱ፦ አልፈርምም አልኩ እኮ፣ ጋሼ ምንይችል! ስንቴ ልንገርዎት?

ምንይችል፦ አንድ ፊርማ ናት፣ ደብሪቱ። ወረቀቱ «ታብሌቱ ሥራዬን አቅልሎልኛል» ነው የሚለው፤ ሌላ ምንም የለውም።

ደብሪቱ፦ አቅልሎልኛል? ኔትወርክ ፍለጋ በቀን ሁለቴ ያንን ተራራ የምወጣው እኔ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

ምንይችል፦ ኔትወርኩም ይመጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ደብሪቱ፦ እንቁላሉ እግር ሳያወጣ ነዋ ሩጥ ያላችሁት! አሥራ አንድ ዓመት በእጄ የጻፍኩትን መዝገብ «ከእንግዲህ ወረቀት የለም» ብላችሁ ጭናችሁት ሄዳችሁ። የፀሐይ ቻርጀሩ በሁለተኛው ወር ተበላሸ፤ ጠጋኙ ያለው አዲስ አበባ ነው አሉኝ።

ምንይችል፦ ቻርጀሩን ሪፖርት አድርጌያለሁ።

ደብሪቱ፦ ለማን?

ምንይችል፦ ለበላይ ነዋ... ስሚኝ፣ ሰኞ የሚመጡት ረጂዎች ካልተደሰቱ ፕሮጀክቱ ይዘጋል። አርባ ቀበሌ ባዶ እጁን ይቀራል።

ደብሪቱ፦ ባዶ እጃችንን ብንሆን ኖሮ የዝና ልጇን ታቅፋ ነበር።

ምንይችል፦ የዝና ማናት?

ደብሪቱ፦ አያውቋትም? ታብሌቱ አልነገረዎትም? የታችኛው መንደር ልጅ ናት፤ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነበር። ምጥ ላይ ሳለች ደም ፈሰሳት። ድሮ ቢሆን አንድ ጩኸት ይበቃል፤ ጎረምሶቹ በቃሬዛ ይዘዋት ይበራሉ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ትደርሳለች። አሁን ግን ደንቡ «መጀመሪያ በታብሌት ላኪ፣ አምቡላንስ ጠብቂ» አይደል? ተራራውን በሩጫ ወጥቼ ላክሁ። «ተልኳል» አለኝ።

ምንይችል፦ ታዲያ ደርሷላ!

ደብሪቱ፦ የት ይደርሳል? የጤና ጣቢያው ታብሌት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ሥልጠና የወሰደችው ነርስ ሌላ ወረዳ ተዛውራለች፤ የሚተካት ሰው አልሠለጠነም።

ምንይችል፦ ይሄንን... አልሰማሁም።

ደብሪቱ፦ ማን ጠየቀን? ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። ጎረምሶቹ ቃሬዛውን ይዘው «እንሂድ» ይሉኛል፤ እኔ «ቆዩ፣ ተልኳል» እላለሁ። በዚህ በገዛ አፌ! በመጨረሻ ተሸክመናት ሄድን። እሷ ተረፈች። ልጁ ግን ገና መንገድ ላይ ሳለን...

ምንይችል፦ እኔን! ደብሪቱ፣ ያንቺ ጥፋት እኮ አይደለም። ደንቡን ነው የተከተልሽው።

ደብሪቱ፦ ሁሉም እንደዚያ ይለኛል፤ አላሳረፈኝም እንጂ። ያንን ደንብ የጻፈው ሰውዬ፣ ይህችን አገር በዓይኑ አይቷታል?

ምንይችል፦ ሲጽፈው አላያትም ነበር።

ደብሪቱ፦ ያውቁታል?

ምንይችል፦ ...እኔ ነኝ የጻፍኩት። ቢሮ ተቀምጬ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ። አንቺ ስትልኪ ወዲያ ማዶ የሚያነብ ሰው ይኑር አይኑር እንኳ አልጠየቅሁም።

ደብሪቱ፦ ይነሡ እንግዲህ፣ ጋሼ። የዝና ቤቷ ይሄ ቁልቁለቱ ላይ ነው፤ አሁን ለእኔ ያሉትን ለእሷ ይንገሯት።