የፈሪሀ ጥናት ለምን ተመለሰ?

ኡበይድ ጎብዬ መናኸሪያ ቆመው የቆቦ ሚኒባስ ሲጠብቁ፣ የእህታቸው ልጅ ፈሪሀ ሳያስቡት ከፊታቸው ድቅን አለች። ፈሪሀ የግብርና ተመራማሪ ናት። አቀንጭራ የተባለውን የማሽላ ጠላት አረም ለማሸነፍ በእሳቸው ማሳ ላይ ማሾ የተባለውን ጥራጥሬ ከማሽላ ጋር አሰባጥራ ዘርታ፣ አረሙ ድራሹ ጠፍቶ ነበር።

«ጥናትሽ ታተመ ወይ ልጄ? የዋጃ ሰዎች ዘር ስጠን ብለው ይዘውኛል፤ ከእንግዲህ አረም ማረም ቀረላችሁ ልላቸው ነው።»

«ተመለሰብኝ፣ አጎቴ። የላኩለት የምርምር መጽሔት ለሁለት የሙያው ሰዎች ሰጥቶ አስመረመረው።»

«እነማን ናቸው?»

«ስማቸው አይነገረኝም።»

ኡበይድ ደማቸው ፈላ። «ወላሂ፣ ተደብቆ የሚፈርድ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም! ራያን በዓይኑ ያላየ ሰው አንቺን ሊዳኝ?»

«እውነትዎን ነው፤ ጉድለት አለበት። አንደኛው በወጉ እንኳ አላነበበውም፤ በቆሎ የዘራሁ መስሎታል። ስም የሚደበቀው ያለ ይሉኝታ እንዲናገሩ ነው፤ ግን ቅናተኛም ይሸሸግበታል። ነገሩ ይጓተታል። የታወቀ ሰው ከጻፈው ደግሞ ስህተቱም አንዳንዴ ያልፋል።»

«ታዲያ ተይዋ!»

«ሁለተኛው ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ። ‹ማሳው የጎርፍ ውኃ የሚጠለፍበት ነው፤ አቀንጭራ ደግሞ ለም አፈር አይስማማውም። አረሙን ያጠፋው ማሾው ነው ወይስ ጎርፉ ያመጣው ደለል?› አለኝ። አንቱስ ምን ይላሉ?»

«የዋጃዎቹን መሬት እኮ ጎርፍ አይደርሰውም!» አሉ ኡበይድ።

«ለጥያቄው መልስ አልነበረኝም» አለች ፈሪሀ። «ስለዚህ ዘንድሮ ጎርፍ በማይደርሰው፣ አሊ በተባለ ገበሬ ማሳ ላይ ደግሜ ዘራሁ። ላየው እየሄድኩ ነው፤ አብረን እንሂድ።»

ሄዱ። ማሽላ ብቻ የተዘራበት ወገን ቢጫ ሆኖ ቀጭጯል። ማሾ የገባበት ወገን በእጅጉ ይሻላል፤ ሆኖም የአቀንጭራው ሐምራዊ አበባ እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ብሏል። ኡበይድ ጎንበስ ብለው አንዱን ነቀሉና አተኩረው አዩት።

«አልሐምዱሊላህ፣ አፌን ያዘልኝ» አሉ። «አታርሙ ብያቸው ቢሆን ኖሮ የሰው ልጆች በእኔ ቃል ይራቡ ነበር።» ወዲያው ዋጃ ለሚኖረው ለዘይኑዲን ደወሉ። «ማሾውን ዝሩ፤ ግን አቀንጭራው ሳያብብ በእጅ ንቀሉ። ማሾው ብቻውን አይበቃም!»

በመርማሪ መፈተን ሰውን ማዋረድ የሚመስለው ብዙ ነው። መርማሪ ይሳሳታል፣ ያዳላል፣ ያዘገያልም፤ ስለዚህ እሱም ሃይ ባይ ያሻዋል። ነገር ግን ሌላ ዓይን ያላየው ጥናት ከገበሬው ማሳ ሲደርስ፣ የስህተቱን ዋጋ የሚከፍለው ጸሐፊው ሳይሆን ገበሬው ነው።

ጥናቱ ታርሞ በታተመ ጊዜ ፈሪሀ ለአጎቷ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላቸው። የራያ ስም ሲነሳ ኡበይድ ቀና ብለው ተቀመጡ።

«መጀመሪያ የሳትሽውንስ ጽፈሽዋል?»

«አዎ፣ ጽፌዋለሁ።»

«ማሻአላህ!» አሉ። «እንግዲህ የማን አጎት እንደሆንኩ ቆቦ ሁሉ ይስማ።»