ዘንድሮስ የቤቱ ባለቤት ማነው?

ክቡራትና ክቡራን፣ የመጦሪያ ቤታችን ሠራተኞች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እንዲሁም ከጠቅላይ ግዛቱ ድረስ አቧራ ጠጥተው የመጡልን ተቆጣጣሪያችን አቶ ተክሉ፤ በግ አርዳችሁ፣ ወንበር ተውሳችሁ፣ ይህን ሁሉ ሰው ለእኔ ብላችሁ ስለሰበሰባችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በጉ ግን ትንሽ ጠንከር ይላል። ጥርስ የሌላቸውን ያላሰበ ማነው? ደመቀች፣ አንቺ ነሽ አይደል የገዛሽው?

ሳቁ፣ ሳቁ። ዛሬ ሳቅ ያስፈልገኛል። ሰሞኑን ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ወርቅውሃ፣ ሥራ ለቀቅሽ አሉ፤ እንግዲህ ወዴት ልትገቢ ነው?» የምኖርበት ክፍል የጦር ሰፈሩ ነው። ባለቤቴ ሃምሳ አለቃው ካረፈ ቆየ፣ ክፍሉም ለአዲስ መጭ ወታደር ይፈለጋል። ልጅ አልወለድኩም። ሀገረ ማርያም ያለችው የእህቴ ልጅ «ነይ» ብላኛለች፤ እሷም ልጆቿን ሁሉ ይዛ በአንድ ክፍል ነው የምትኖረው። ጥያቄው ያናድደኝ ነበር። የሚያናድደኝም መልስ ስላልነበረኝ ነው። መልሱን ሳልነግራችሁ አልቀመጥም፤ አስቀድሜ ግን ስለ ቤቱ ላውራ።

አዲሶቹ ስለማታውቁ ነው። ይህን ቤት የከፈቱት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሻለቃ ሚስት ነበሩ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሐረር ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚመጡ የወታደር እናቶች ነበሩ። ልጁ ወደ ሌላ ጦር ይዛወራል፤ እናቲቱ አገሩን አታውቅ፣ ቋንቋውን አታውቅ፣ ነገሌ ላይ ትቀራለች። ወይዘሮ ተናኘወርቅ አንዷን አስገቡ፣ ሌላዋም ሰምታ መጣች። ቀጥሎ አባ ሁቃ ከአሬሮ በከብት መኪና ታመው መጡ። እማማ በድሪያም የሞያሌ ሱቃቸውን ዘግተው ገቡ። እኔን ወይዘሮ ተናኘወርቅ የቀጠሩኝ ቁስል ማጠብ ስለምችል ነው። «ደሞዝሽ ትንሽ ነው፤ ጭቅጭቁ ግን ብዙ ነው» አሉኝ። ሁለቱንም አላጎደሉብኝም።

አቶ ተክሉ መጀመሪያ የመጡት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ባረፉ ጊዜ ነው። ያኔ የተቆጣጣሪያችን ጸጉር ጥቁር ነበር። ባለቤቱ ማነው? ሠራተኞቹስ እነማን ናቸው? ከዚህ በፊት የተደረገው የቁጥጥር መዝገብ የታል? አሉን። ባለቤቷን ቀብረናል። መዝገብ ደግሞ ከየት ይምጣ? ከወይዘሮ ተናኘወርቅ ምላስ ሌላ ተቆጣጣሪ አልነበረብንም! «ተመልሼ ስመጣ ባለቤት ካላገኘሁ ቤቱ ይዘጋል፤ ሰዎቹም ወደየመጡበት ይሄዳሉ» አሉን። ክፉ ሆነው አይደለም፣ ሥራቸው ነው። ግን ወዴት ነበር የሚሄዱት?

ከዚያ አባ ሁቃን ጠየቋቸው። «አባባ፣ እዚህ ቤት ስንት ናችሁ?»

ቦረና ከብቱንም ሰውንም ቆጥሮ መናገር አይወድም። አባ ሁቃ ዱላቸውን ተደግፈው «ነማ ህን ለካአን። ሰው አይቆጠርም፣ ልጄ። አለን። እንዲያ ብለህ ጻፍ» አሉ።

አቶ ተክሉ «አለን» ብለው የሚጽፉበት ቦታ ስላጡ በዓይናቸው አይተው መመዝገብ ጀመሩ። እማማ በድሪያ መጥረጊያ ይዘው ግቢውን ያተራምሱ ነበርና ሠራተኛ ብለው መዘገቧቸው። ደመቀች ደግሞ ከቦቴው ውሃ ስታመላልስ ውላ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ነክራ ጥግ ላይ ቁጭ ብላለች። ተጧሪ ብለው ጻፏት! ሠላሳ ዓመት ያልሞላትን ሴት! ደመቀች ስንት ጊዜ አኩርፋ ከረመች መሰላችሁ? እማማ በድሪያ ግን «ይስተካከል» ብንላቸው አሻፈረኝ አሉ። «እኔ መች ተጧሪ ሆንኩ? ይሄን ግቢ ማን የሚጠርገው መስሏችኋል?» እውነታቸውን ነበር፤ እሳቸው ናቸው የሚጠርጉት።

የባለቤቱ ነገር ግን አላሳቀንም። የመኮንኖቹ ሚስቶች፣ ነጋዴዎቹ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ሁሉም እረዳለሁ ይላል፤ በስሜ ይጻፍ የሚል ግን ጠፋ። ማንም ቢሆን የዕድሜ ልክ ሸክም ይፈራል፣ እኔም ፈርቼ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ይህን ጊዜ አባ ሁቃ ከጥግ ተናገሩ።

«እኛ ጋ ኤላ፣ የውሃ ጉድጓዱ፣ ባለቤት አለው። የቆፈረው ነው። ማጠጣቱ ግን በተራ ነው። ተራ የሚያስጠብቅ ሰው አለ፣ አባ ሄሬጋ ይባላል። የዛሬው ካጠጣ ይወጣል፣ የነገው ይገባል። የቆፈረው ሰው ሞተ ብለን ከብቱን እንመልሳለን እንዴ? ተራ ያዙ።»

ተራ ያዝን። አንድ ዓመት የሻምበሉ ሚስት፣ አንድ ዓመት ባለሱቁ አብዱልሃሚድ፣ አንድ ዓመት እኔ። አቶ ተክሉ በመጡ ቁጥር ገና በሩ ላይ ሆነው «ዘንድሮስ የቤቱ ባለቤት ማነው?» ይላሉ። በቁጥጥር መዝገቡ ላይም «የባለቤትነቱ ሁኔታ አልረጋም» ብለው በየዓመቱ ይጽፉብናል። በየዓመቱ ይጽፋሉ፣ በየዓመቱ ሳይዘጉት ይሄዳሉ። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። ዛሬም አልጠይቅም፤ ብቻ ዕድሜ ይስጥልኝ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እኔ ሰው መርዳት እወዳለሁ፤ መረዳት ግን ሞቴ ነው። ስታመም በሬን ዘግቼ እንደምታመም ታውቃላችሁ። ደመቀች ሾርባ ይዛ መጥታ ስንቴ ከበር መልሻታለሁ!

ትናንት ዕቃዬን ስጠቀልል እማማ በድሪያ ግድግዳውን እየዳሰሱ መጡ። ዓይናቸው ከተያዘ ወዲህ መጥረጊያውን ትተዋል፣ ማዘዙን ግን አልተዉም።

«ወርቅዬ፣ ወዴት ነሽ?»

«ሀገረ ማርያም።»

«እዚያ ማን ይፈልግሻል?»

ጥቅሌን አጥብቄ አሰርኩ። አቤት፣ እንዴት ያለ ጥያቄ ነው!

«ከእኔ አጠገብ ያለችው አልጋ ባዶ ናት» አሉ።

«እማማ፣ እኔ እኮ የቤቱ ሠራተኛ ነኝ። ምን ይሉኛል?»

«ነበርሽ። እግሬን ስታጥቢ የኖርሽው አንቺ አይደለሽም? እኔ አፍሬሽ አውቃለሁ? በይ አንቺም አትፈሪ። ተራሽ ነው።»

አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም። የሰው እግር ሳጥብ ስኖር፣ እግሩን የሚሰጠው ሰው ምን ያህል ልብ እንደሚያስፈልገው አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። ጥቅሌን ፈታሁ።

ስለዚህ አቶ ተክሉ፣ እስክሪብቶዎን ያውጡ። የዘንድሮ ባለቤት ደመቀች ናት። እኔን ደግሞ በትክክለኛው ቦታ ይጻፉኝ፤ የዛሬን እንኳ እንዳይሳሳቱ።

ለእናንተም፣ ወገኖቼ፣ የምትጦሯቸው አይጉደሉባችሁ። የምታጥቡበት እጅ አይዛል፤ እናንተም የምትደክሙበት ቀን ሲመጣ የሚያጥባችሁ እጅ አትጡ። ልጆቻችሁ በተዛወሩበት አገር ሁሉ ደግ ሰው ይቀበላቸው። ዝናቡ በጊዜው ይምጣ፣ ኤላው አይድረቅ፣ ቤቱም ባለተራ አይጣ። አባ ሁቃ ሲመርቁን ይሉት እንደነበረው፣ ናጋ፣ ናጋ፣ ናጋ፣ ሰላም ይሁንላችሁ።

ደመቀች፣ ነገ ውሃውን ለብ አድርጊልኝ። በሬን አልዘጋም።