የባለ ካባው ዜማ መጨረሻ

— ሄሎ... ሄሎ። አዎ፣ ቀበሌ ነው። ... ቢያዝን ነኝ፣ ሊቀመንበሩ። ... ጓድ አንዳርጋቸው፣ እርስዎ ነዎት እንዴ? ድምፅዎ ራቀብኝ እኮ። ... አሁን ይሰማል። ማዞሪያዋ ናት የምትቆራርጠው። እንደምን አደሩ ጓድ?

— ... እሺ። ወደ ጉዳዩ። እሺ።

— አዎ፣ ደብተሩ እጄ ላይ ነው። ሰውየውም እዚሁ ፊት ለፊቴ ነው። ... ደመቀ ይባላል። ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ነው የሚሠራ። ... እስካሁን ምንም አላመነም። ሦስት ቀን ሆነው። ... ያው የሚደረገው ሁሉ ተደርጓል ጓድ። እግሩ ጫማ አይገባለትም አሁን።

— እስከ ስንት ሰዓት? ... እስከ ስድስት። ገባኝ። ደብተሩ የምስጢር ጽሑፍ ከሆነ ሰውየው የዛሬው የእርምጃ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፣ ካልሆነ ቤቱ ይሄዳል። ... አምስት ሰዓት አልፏል፣ አውቃለሁ። በአጭሩ እናገራለሁ።

— አንድ ጊዜ ጓድ። አያ አለነ፣ በሩን ዝጋው እንጂ። ... ማን ናቸው? እትዬ እናኑ? የደመቀ እናት? ... ምሳ ይዘው ነው። ይቆዩ በላቸው፣ ስልክ ላይ ነኝ።

— አቤት ጓድ። የጥበቃው ሰው ነው፣ አያ አለነ። ... እኔ ምስጢር አይደለም ባይ ነኝ። የሲኒማ ነገር ነው። ... የሲኒማ። የባለ ካባው ፊልም የለም? ... ካባ፣ ካባ። ... የመኳንንት ካባ አይደለም ጓድ። ሰውየው ፈረንጅ ነው፣ ካባው ለመብረሪያ ነው። ... ይበራል አዎ፣ ድልድይ ተሸክሞ... አዩት? አዲስ አበባ፣ ለስብሰባ ሲሄዱ? ሸጋ ነዋ። እንግዲህ ያውቁታል።

— እኛም ጋ ታይቷል። አንደኛው ክፍል ዓምና፣ ሁለተኛው ዘንድሮ። እነዚህ ልጆች ደግሞ ፊልሙን አይደለም የሚወዱት፣ ሙዚቃውን ነው። እሑድ ፊልሙ ሲያልቅ አራዳ ሻይ ቤት ይቀመጡና በሙዚቃው ይከራከራሉ። የትኛው ክፍል ይበልጣል፣ የት ላይ አበላሸው፣ የት ላይ አሳመረው። ማን ምን እንዳለ ይሄ ደመቀ ይጽፋል። ደብተሩ ይኸው ነው። ... እውነትዎን ነው፣ ሥራ መፍታት ነው። ስንት የሚሠራ እያለ።

— "ደራሲው" የሚለው? ... አዎ፣ በየገጹ አለ። "ደራሲው እዚህ ላይ ልክ ነው፣ ደራሲው እዚህ ላይ ተሳሳተ።" ሙዚቃውን የደረሰው ሰው ነው ጓድ። ... ባሕር ማዶ ነው ያለው። ... ኧረ መመሪያ አይልክም። እነሱ በሕይወት መኖራቸውንም አያውቅ።

— ስም የለም። እሱ ነው ያስቸገረን። በተቀመጡበት ነው የጻፋቸው። "ከፊት ወንበር"፣ "ከመሐል"፣ እንዲህ እያለ። ... ጠየቅነው እንጂ። ሦስት ቀን ሙሉ የጠየቅነው እሱን እኮ ነው። አንድ ስም አልወጣውም።

— ላንብብልዎት? ... እሺ። አንደኛ። "ከፊት ወንበር። መለከቱ ሲነፋ ባለ ካባው ገና አልመጣም። ሙዚቃው እንደሚመጣ ከራሱ ከባለ ካባው ቀድሞ ያውቃል። እኔን የሚያስለቅሰኝ መለከቱ ነው፣ እሱን ሳየውማ እንባዬ ይደርቃል።" ... ሴት ትመስላለች፣ አዎ። ... መለከት እኮ መለከት ነው ጓድ። የክተት አይደለም።

— ሁለተኛ። "ከመሐል። በሁለተኛው ክፍል ደራሲው ደክሞታል። ከራሱ ነው የሰረቀው። የድሮውን ዜማ ልብስ ቀይሮ አመጣልን፣ እኛም አጨበጨብን።" ... ማን ደከመው? ደራሲው ነዋ። ... ኧረ ስለ ዘመቻው አይደለም። ሁለተኛው ክፍል ያለው ፊልሙን ነው። ... እርስዎ ሁለተኛውን ይመርጣሉ? ... ከበሮው በዝቷል፣ እውነት ነው። ... ካሴቱን ገዝተውታል? ማኪናዎ ውስጥ ይከፍቱታል? ... አየ፣ ታዲያ እርስዎም የእነሱ ሰው... አይ። አይ፣ ቀልዴን ነው። ይቅርታ ጓድ።

— ሦስተኛ። "ከግድግዳው ጥግ። የክፉው ሰውዬ ሙዚቃ ከባለ ካባው ይበልጣል። ክፉው ሲገባ ልብ ትመታለች። ባለ ካባው ሲገባ ግን ተሰለፉ የተባልን ነው የሚመስለኝ።" ... አዎ። ይሄኛው አፉን አላረመም። እኔም እዚህ ላይ ስደርስ ደንግጫለሁ። ... እሺ፣ ምልክት አደርግበታለሁ።

— አራተኛ። "ከኋላ። ባለ ካባው ካባውን አውልቆ፣ መነጽር አድርጎ ቢሮ ሲገባ ዋሽንት ብቻ ነው የሚሰማ። አራራይ ነው፣ አንጀት ይበላል። ሰው ግን ሽንት ቤት የሚሄደው ያኔ ነው። ደራሲው እውነቱን የተናገረ እዚያ ላይ ነው እላለሁ።" ... አራራይ የዜማ ዓይነት ነው ጓድ፣ የቤተ ክርስቲያን። የቦታ ስም አይደለም።

— ... አምስተኛ?

— አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ ጓድ። ሰው መጣብኝ።

— ደመቀ። ስማኝ። መነጋገሪያውን በእጄ ሸፍኜዋለሁ፣ አይሰማም። ምነው ጻፍከው? አምስተኛውን ምነው ጻፍከው? "ከበሩ" ትላለህ? ከፊት ወንበር ስንት ሰው ይቀመጣል፣ ከኋላ ስንት ሰው ይቀመጣል። በር ላይ የሚቆመው ግን ትኬት ቆራጩ ብቻ ነው። ሊቀመንበር ሳልሆን እሱ እኔ ነበርኩ፣ እኔ ብቻ። አንድ እሑድ አብሬያችሁ ሻይ ብጠጣ፣ አንድ እሑድ አፌን ብከፍት፣ በቀለም ትጽፈዋለህ? ... ዝም በል። ... አውቃለሁ። ስሜን እንዳልጠራህ አውቃለሁ። ሦስት ቀን እኔው እየጠየቅሁህ አልጠራኸኝም። እንዲያ አትየኝ።

— አያ አለነ፣ አንተም ምንም አላየህ። ትኬት ስቀድ ስንት ዓመት አይተኸኛል፣ ይሄም እንደ ትኬት የሚቀደድ አንድ ቅጠል ነው።

— አቤት ጓድ፣ አለሁ። ... የምን ድምፅ? ... ወረቀት ነው፣ ገጽ እየገለጥኩ። ... አምስተኛ የለም። ከአራት ወደ ስድስት ነው የሚዘለው። ሲቆጥር ተሳስቶ ይሆናል።

— ስድስተኛው የራሱ የደመቀ ነው። እነዚያ ትንንሽ ምልክቶች ያሉበት እሱ ነው። ... አዎ፣ እናንተ የምስጢር ጽሑፍ ያላችሁት። ላስረዳዎት ጓድ። ይሄ ሰው ድጓ ቤት ያደገ ነው። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲጻፍ ከፊደሉ በላይ ትንንሽ ምልክት አለው፣ እዚህ ድምፅ ይነሣል፣ እዚህ ይወርዳል የሚል። እሱ የመለከቱ ዜማ እንዳይጠፋበት በዚያ ጻፈው። መለከት ቃል የለው፣ "ባለ ካባው፣ ባለ ካባው" የሚል ቃል ሰጠውና ምልክቱን ከላይ ደረደረበት። በቃ፣ ይኸው ነው።

— የምልክቶቹ ስም? ... አንዱ ቅናት ይባላል። ... የሰው ቅናት አይደለም፣ ድምፅ ሽቅብ ሲሄድ ነው። ... ቁርጥ አለ፣ ድምፁን ቁርጥ ማድረጊያ። ... ድፋት ደግሞ... ድፋት ማለት ድምፅ ቁልቁል ሲወርድ ነው ጓድ። ... ማንንም አይደለም የሚደፋው። ... አዎ፣ መጨረሻው ላይ ነው ያለው። ... አዎ፣ በባለ ካባው ስም ላይ። ... ጓድ፣ ባለ ካባው ባለ ካባው ነው። እኔ በዚያ ስም ማንንም አላሰብኩም። አሁን ያነሡት እርስዎ... ይቅርታ። ይቅርታ ጓድ።

— ከሥሩ አንድ መስመር አለ። ላንብበው? ... "ሽቅብ መውጣቱን ሰምቶ የሚሄድ ሰው ዜማውን ግማሹን ነው የሚያውቅ።" ... ስለ ዜማ ነው። በእናቴ ስለ ዜማ ነው።

— ያዚም? በስልክ? ... እሺ። እንዲያውም ሸጋ ነው። ካሴቱን ያውቁታል፣ ሲሰሙት ይለዩታል። ... ዜማው ከሆነ ይለቀቃል? ... እግዜር... እናመሰግናለን ጓድ።

— ደመቀ፣ ተነሥ። ... መቆም አይችልም ጓድ፣ መነጋገሪያውን እኔ እይዝለታለሁ። — ስማ፣ እንደጻፍከው በለው። አታስረዝመው። ከምሳ በፊት ቤትህ ነህ። በል።

— ...

— ... ሰሙት ጓድ? ... እሱ ነው አይደል? ... ነው። ነው አሉ። አያ አለነ፣ ነው አሉ እኮ። ... እኔን እንኳ ክንዴን ወረረኝ... ማለቴ ድምፁ ጥሩ ነው ለማለት ነው።

— መጨረሻው? መጨረሻው ምን ሆነ? ... ካሴቱ ላይ ሽቅብ ወጥቶ ነው የሚያልቅ። ... አዎ፣ እሱ አወረደው። ሰምቻለሁ። ... ልጠይቀው ጓድ።

— ደመቀ፣ መጨረሻው ሽቅብ ነው ይላሉ። ተሳስቻለሁ በል። ካሴቱም ሽቅብ ነው፣ እሳቸውም ሽቅብ ነው ብለዋል፣ ተሳስቻለሁ በልና ምሳህን ብላ። ... ምነው? ... አሁን የዜማ ክርክር ነው የታየህ? እግርህን እየው እስቲ።

— ጓድ... አልተሳሳትኩም ነው የሚለው። ... "መለከቱ ሽቅብ ወጥቶ ሲያበቃ ሰው ሁሉ ይነሣል፣ ወንበሩ ይንኳኳል። ከዚያ የሠሪዎቹ ስም በጽሑፍ እያለፈ ያው ዜማ በዋሽንት ይወርዳል፣ መጨረሻው እሱ ነው። ካሴቱ ላይ አልገባም" ይላል። ... "ጓድ ቀድመው ወጥተው ይሆናል" ነው ያለው። ... እንደሱ ማለቱ አይደለም። ... አውቃለሁ፣ እርስዎ የጀመሩትን ሳይጨርሱ አይነሡም።

— መጨረሻውን የሰማ ሌላ ሰው?

— ... ይሰማኛል ጓድ። እያሰብኩ ነው።

— ሰው ሁሉ ሲወጣ የሚቀረው... በሩን የሚይዝ ሰው ነው። ... አዎ። እኔ ነበርኩ። አልደበቅሁም ጓድ፣ ግለ ታሪኬ ላይ ሞልቼዋለሁ፣ አራት ዓመት ትኬት ቆርጫለሁ። ... ይሄ ፊልም ሲታይም ሥራ ላይ ነበርኩ።

— አንዲት ጥያቄ። አንድ ሰው ተነሥቶ "አዎ ይወርዳል፣ እኔም ሰምቻለሁ" ቢል እሱ ምን ይባላል? ምስክር ነው ወይስ... ገባኝ። ድፋቱን የሚያውቅ የሕዋሱ አባል ነው። ... ገባኝ። ለማወቅ ያህል ነው።

— እኔ?

— ... እኔ አልሰማሁም። በሩ ወፍራም ነው ጓድ። የጣልያን ጊዜ በር ነው፣ ከተዘጋ ምንም አያሳልፍ። ... ሲከፈትማ ሰው ይግተለተላል፣ ምን ይሰማል? ... ሙዚቃም አላውቅ። ... እርግጠኛ ነኝ። ሽቅብ ካሉ ሽቅብ ነው።

— አዎ። ይመዝገብ። ... ደመቀ ሐብተ ማርያም። ... ማኪናው ስንት ሰዓት ነው የሚመጣ? ... አሥር ሰዓት። ደብተሩም አብሮ ይላካል። እሺ። አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ።

— አያ አለነ፣ ውሰደው። ... ቀስ፣ ደግፈው እንጂ። ... ደመቀ፣ እኔ ምን ላድርግ? አንተው ነህ የደረቅኸው። አንዲት ቃል ነበረች። ... ስደበኝ እንጂ። ... ሂድ በቃ፣ ሂድ።

— አያ አለነ፣ እትዬ እናኑ በር ላይ ናቸው አይደል? ምሳውን አትቀበላቸው። ... ለምን ካሉ ምንም አትንገራቸው። ሳህኑ ሳይነካ ሲመለስ ያውቁታል፣ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል።

— ሄሎ ጓድ። ... ሄሎ? ... ማዞሪያ? ... ሄሎ፣ ይሰማሉ?

— ... ተቋረጠ። ሳይሰናበቱ ተቋረጠ።

— ... አምስተኛ። ኪሴ ውስጥ ነው፣ ጓድ አንዳርጋቸው፣ ይኸው። አምስተኛ። "ከበሩ። ሰው ሁሉ መውጣቱን ሰምቶ ደስ ብሎት ይሄዳል። እኔ በሩን ይዤ ስለምቀር መጨረሻውን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ይወርዳል። በሩ ቢዘጋም ይሰማል። ደራሲው እሱን ያስቀመጠው የትም ለማይሄድ ሰው ነው፣ ለእኔ ብጤው።" እንደዚህ ነበር ያልኩት። አንዲት ቃል አልጨመረበትም፣ አልቀነሰበትም። ልክ ነው እኮ ልጁ። ይወርዳል። አምስተኛው እኔ ነኝ ጓድ፣ አምስተኛው...

— ሄሎ?

— ... አቤት። አቤት ጓድ፣ አለሁ። ተቋርጦ ነበር እኮ። ... ከመቼ ጀምሮ ይሰማዎታል? ... አሁን ገና? ... የቱ አምስተኛ?

— ... ምንም አይደለም ጓድ። ደብተሩን ከመላኬ በፊት ገጹን እየቆጠርኩ ነበር። ... አዎ፣ ልክ ነው። አምስተኛ የለም። ከአራት ወደ ስድስት ነው የሚዘለው። ... እሺ። ደህና ይዋሉ።